ገምጋሚ ሁለትና ያልተላጨው ፂም

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ገምጋሚ ሁለት በሰባተኛውና በስምንተኛው ቀን መካከል ምን እንደተፈጠረ ማወቅ ይፈልጋል።

ደብዳቤው ጠዋት ቢሮ ስገባ ቀድሞኝ ደርሷል። የሥነ ልቦና ሕክምና መጽሔቱ ጽሑፌን አልጣለውም፤ አልተቀበለውምም። «ከፍተኛ ማሻሻያ» ይላል። ሽማግሌ ልከህ «እስቲ እናስብበት» እንደተባልክ ቁጠረው፤ ልጅቷን አልሰጡም፣ ውሻም አልለቀቁብህም።

ገምጋሚ አንድ ደግ ሰው ነው። ሦስት ነጠላ ሰረዝ አርሞ «ደስ የሚል ሥራ» ብሎ ሄደ። ገምጋሚ ሁለት አሥራ አራት ጥያቄ አለው። ሁሉም በጨዋነት የተጻፉ ናቸው። በጨዋነት ከሚጠይቅ ሰው ይሰውረን።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ለመልሱ ልምምድ ይሆነኛል። ጽሑፉ ስለ አንድ ሰው ነው። እዚያ ላይ ስሙ «አቶ ሀ» ነው፤ እዚህም ይኸው ይቆይ። የሊሙ ገነት ቡና ቀማሽ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማንኪያ እየመጠጠ፣ እየተፋ፣ የነጋዴውን ቡና ደረጃ ሲያወጣ ኖሯል። ሚስቱ ሞተች። ከቀብር ሲመለስ ጣዕም የሚባል ነገር የለም። ስኳሩም፣ ሚጥሚጣውም፣ ቡናውም አንድ ሆኑበት። የአንገት በላይ ሐኪም አየው፣ ምንም አላገኘም፣ ወደ እኔ ላከው።

ሐሙስ ሐሙስ፣ የሊሙ ጤና ጣቢያ በሚያውሰኝ የክትባት ክፍል ውስጥ፣ የክትባቱ ማቀዝቀዣ እያጓራብን አሥራ ሁለት ጊዜ ተገናኘን። ሁልጊዜ ስንጀምር «ጣዕም ዛሬ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» እለዋለሁ። እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ዜሮና አንድ ላይ ተኝቶ የከረመው መስመር፣ በስምንተኛው ቀን ብድግ ብሎ ሽቅብ ወጣ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ዘጠኝ ደረሰ። ጽሑፌ በቃ ይኸው ነው። ግራፉ ያምራል፤ በፍሬም ቢሰቀል አያሳፍርም።

በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል የተፈጠረው የእናቴ መሞት ነው። ሚያዝያ ላይ። ጽሑፉ ይህን «በባለሙያው በኩል ባጋጠመ ምክንያት የሁለት ሳምንት ዕረፍት ተወስዷል» ይለዋል።

የተሻሻለው ጽሑፍ እስከ እሑድ መግባት አለበት። ደግሞ አቶ ሀ የመጨረሻውን ጽሑፍ ሰምቶ በፊርማው ይፍቀድ ይላሉ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወይም ሊከፋኝ። ሁለቱም አልመጡም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የሚሠሩ ሥራዎች፦

— አኅጽሮቱን ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ቃል ማውረድ። (እናቴ «ጨው ግዛ» ለማለት ይህን ያህል ቃል ትፈጅ ነበር።)
— ማጣቀሻውን እነሱ በሚወዱት መንገድ መደርደር። ነጥቡ ከቅንፉ በፊት ነው በኋላ? ሃይማኖት የተከፈለው በዚህ ነው።
— «የጥቅም ግጭት የለብኝም» ብሎ መፈረም።
— አቶ ሀ። ሐሙስ። ብዕር መያዝ።
— ገምጋሚ ሁለትን ማመስገን፣ አሥራ አራት ጊዜ።

ማመስገኑን ጀምሬዋለሁ። እያንዳንዱ መልስ «ገምጋሚውን ስለዚህ ጠቃሚ አስተያየት ከልብ እናመሰግናለን» ብሎ ይነሳል። «እናመሰግናለን» የምንለው እኔና የክትባቱ ማቀዝቀዣ ነን።

ድረ ገጹ የቤተሰብ ስም ካልሰጠኸኝ አላሳልፍም ስላለኝ የአባቴን ስም ሰጠሁት። ስለዚህ የሚጽፉልኝ «ውድ ዶክተር ገብረሕይወት» እያሉ ነው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ በሕይወቱ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነበር። አሁን በሥነ ልቦና ሕክምና የታወቀ ተመራማሪ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ዶክተርማ እኔም አይደለሁም። የሊሙ ሰው ሁሉ ዶክተር ሲለኝ መጀመሪያ አካባቢ እቃወም ነበር፤ ሰው ይደክመዋል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኃይሉ (እሱ የእውነት ነው) ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «የዕድገት ኮሚቴው ሰኞ ይቀመጣል። ያቺ ወረቀት ተሻሽላ ገብታለች የሚል ማረጋገጫ ካመጣህ ረዳት ፕሮፌሰር ነህ። ካላመጣህ ፋይልህን ወደ መሳቢያው እመልሰዋለሁ። መሳቢያው ደግሞ ለምዶሃል፣ አይደል?»

ዘጠኝ ዓመት ሌክቸረር ነኝ። ያስተማርኳቸው ልጆች ረዳት ፕሮፌሰር ሆነው ሰላምታቸው ተለውጧል፤ አሁን አንገታቸውን ብቻ ነው የሚነቀንቁልኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጥያቄ ዘጠኝ። «በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል ምን ተለወጠ?»

ሦስት መልስ ጻፍኩ። አንደኛው፦ የቤተሰብ ጉዳይ። ሁለተኛው፦ የባለሙያው እናት አርፋለች። ሦስተኛው፦ «ገምጋሚውን ከልብ እናመሰግናለን። ዕረፍቱ ደንበኛው እስከዚያ የተማረውን አዋሕዶ የራሱ እንዲያደርግ ጊዜ እንደሰጠው እናምናለን።» ሦስተኛውን መረጥኩ። እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ማሰብ እንኳ አያስፈልገኝም።

ጥያቄ አራት ደግሞ ደንበኛው እንዳይታወቅ ይጨነቃል። ልክ ነው፤ በሊሙ ገነት ስንት ቡና ቀማሽ አለ? ስለዚህ አቶ ሀን ወደ ሰኮሩ አዛወርኩት። ሥራውንም «በግብርና ውጤቶች ጥራት ቁጥጥር የተሰማራ» አልኩት። በአንድ ጠዋት ቤቱንም ሥራውንም አስለወጥኩት፤ እንደዚህ የሚፈጥን የመንግሥት ዝውውር አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በከተማችን መርካቶ እህቴ አስቴር ሱቅ ገባሁ። ጣቃ እየለካች ነበር። ሜትሯን ሳታወርድ «አንተ ልጅ፣ ይሄን ፂም የምትላጨው መቼ ነው?» አለችኝ። «ደንበኞቼ ሌላ ሰው የሞተብን እየመሰላቸው ‹ደግሞ ማን ሞተ?› ይሉኛል።»

«እላጨዋለሁ» አልኳት።

«በአርባዋ እላጨዋለሁ አልክ። በሰማንያዋም አልክ። ሰባት ወር ሆነ እኮ። ካዘንክ እዘን፤ ካላዘንክ ምላጭ እገዛልሃለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ረስቼው ነው። መስታወት ፊት እቆማለሁ፣ ጥርሴን እፋቃለሁ፣ ፂሙ ይኖራል፣ እኔ እሄዳለሁ። በለቅሶው ሰሞንም ያው ነበርኩ። ከእድሩ ወንበር አስመጣሁ፣ ድንኳኑ ወዴት እንደሚዞር አዘዝኩ፣ ሰው «አይዞህ» ሲለኝ «ቡና ደርሶዎታል ወይ?» እላለሁ። አንዲት ጠብታ አልወጣችኝም። ስለ ሐዘን ኮርስ የማስተምር ሰው ነኝ። ደረጃዎቹን በተለያየ ቀለም ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ተማሪ ተነስቶ «መምህር፣ እርስዎ የትኛው ላይ ነዎት?» ቢለኝ ጥያቄውን ለፈተና እይዘዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሊሙ ቀይ በቀይ ሆናለች፤ እሸት ቡናው በጆንያ፣ በፒካፕ፣ በሰው ጀርባ ይገባል። አቶ ሀ በክትባት ክፍሉ በር ላይ ኮፍያውን አድርጎ፣ ፀሐይ እየሞቀ ጠበቀኝ። «አካም ጂርታ፣ ዶክተሬ» ብሎ ሁለት እጄን ያዘ። ትክ ብሎ ፊቴን አየ። ሁልጊዜ እንደዚያ ያየኛል፤ የቀማሽ ልማድ ይመስለኝ ነበር።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። እያየሁ ወደ አማርኛ እያዞርኩ አነበብኩለት። አማርኛዬ ሲደናቀፍ እሱ በኦሮምኛ ይደግፈኛል።

«የሰኮሩ ነዋሪ» ስል አስቆመኝ። «ማነው የሰኮሩ?»

«እርስዎ ነዎት። እንዳይታወቁ ብዬ ነው።»

«ዋላሂ አልታወቅም! ሰኮሩ አውቶቡስ ይቆማል፣ ሰው ሻዩን ይጠጣል፣ ይሄዳል። ቀማሽ እዚያ ቁጭ ብሎ ምን ይቀምሳል? ጭስ?»

ቀጠልኩ። «በግብርና ውጤቶች ጥራት ቁጥጥር የተሰማራ፣ ዕድሜው በስድሳዎቹ የሚገኝ፣ ባለቤቱን በሞት ካጣ በኋላ የምግብ ደስታ የራቀው…» ከንፈሩን መጠጠ። «ሚስኪን» አለ። «ልጆች አሉት?»

«አቶ… እርስዎ እኮ ነዎት!»

«አውቃለሁ። ሲነበብ ግን ያሳዝናል።»

እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ እያዳመጠ፣ ራሱን እየነቀነቀ ደረስን። «በስምንተኛው ቀን ደንበኛው ጉልህ መሻሻል አሳየ» ስል መነቅነቁን አቆመ።

«እሷን ድገማት።»

ደገምኳት።

«አውጣት።»

አይወጣም አልኩት፤ የጽሑፉ አንገት እሷ ናት። «እንግዲያው አንገቱ ውሸት ነው» አለኝ። ማን ዋሸ አልኩት። «እኔ» አለ፣ የትምህርት ቤት ልጅ እጁን እንደሚያወጣ አድርጎ።

ከዚህ በታች ያለውን ቃል በቃል ለመያዝ ሞክሬያለሁ።

«ያን ቀን ጥቁር ሸሚዝ ለብሰህ፣ ፂምህ ጎፍሮ መጣህ። ‹እናቴ ሞታብኝ ነው የቀረሁት› አልከኝ። ወዲያው ያቺን ወረቀትህን አወጣህና ‹ጣዕም ስንት ነው?› አልክ። አሁን ለሐዘንተኛ ዜሮ ይባላል? ለቅሶ ቤት ገብቶ የራሱን ቁስል ፈትቶ የሚያሳይ ሰው አይተህ ታውቃለህ? አምስት አልኩህ። ፊትህ ትንሽ ፈካ አለ። እሺ፣ በሚቀጥለው ስድስት አልኩህ።»

ማቀዝቀዣው አጓራ።

«ሲላጭ እውነቱን እነግረዋለሁ አልኩ። አርባው አለፈ፣ አልተላጨህም። ሰኔ ገባ፣ አልተላጨህም። እኔ ቁጥሩ እያለቀብኝ ነው። አሥር ልልህ አፈርኩ፣ ዘጠኝ ላይ ቆምኩ። ይኸው ኅዳር ነው፣ ያረቢ፣ ፂሙ እንዳለ ነው!»

ጣዕሙስ አልኩት። የለም አለኝ። መጥቶም አያውቅም። ታዲያ ሥራውን እንዴት ይሠሩታል? ድምፁን ዝቅ አደረገ። አብራው የምትቀምስ አንዲት ሴት አለች። «እሷ ትቀምሳለች፣ እኔ ፊቷን እቀምሳለሁ። ቅንድቧ ከተነሳ ጥሩ ቡና ነው። ከንፈሯን ካጠበቀች ውሃ ነክቶታል። እስካሁን አልተሳሳትኩም።»

ጽሑፉን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። ክንዴን ያዘኝ። «ሰኞ ሰዎች ይቀመጡብሃል አላልክም? አምጣ፣ እፈርማለሁ። እንጀራህ ነው።» እውነት ካልሆነ መፈረም የለብዎትም አልኩት። ብዕሩን ከደረት ኪሴ ራሱ መዝዞ በሁሉም ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ፣ ፈረመ። «ጃባዱ» አለኝ፤ በርታ። ሲፈርም ወረቀቱን አላየም። ፂሜን እያየ ነበር።

እንግዲህ ሁሉም ተሟልቷል። ቅጹ ተሞልቷል፣ ግራፉ ያምራል፣ ገምጋሚ ሁለት ይረካል።

በሚኒባሱ ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምጽፈው ለትክክለኛነት ያህል ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ከተማው ቆሻሻውን እያጠነ ነው፤ በየደጁ የጭስ ምሰሶ። በሽታን ማባረሪያ ነው ይባላል። ዓይን ከማስለቀስ በቀር የሚያባርረው ነገር አላየሁም።

ዶክተር ኃይሉ ጋ ሄድኩ።

«ፈርሟል?»

«ፈርሟል።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

«መሻሻሉ ውሸት ነው ብሏል።»

«በጽሑፍ?»

«በቃል።»

«በቃል የተባለ ዳታ አይደለም» አለና ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእናቴም ሁለት ቀን ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎልኛል። «ስማ ወንድሜ፣ ስምንተኛውን ቀን አንተ አልፈጠርከውም፤ ሰውየው የነገረህን ጻፍክ። አስገባው። ደግሞ እኮ መስመሩ ሽቅብ ወጥቷል፤ የተሻለው ሌላ ሰው ከሆነ ምን ይደረግ?» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

እየወረድኩ ደረጃው ላይ ቆምኩ። የተሻለው ሌላ ሰው ከሆነ። በዚያ ሰሞን ከሳምንቱ ሁሉ አንድ የምጠብቀው ነገር ሐሙስ ነበር። ማለዳ ተነስቼ ሚኒባስ የምይዘው ያቺን ነጥብ ከፍ አድርጌ ልተክላት ነበር። ሸማው የተሸመነው ለእኔ መሆኑን ሳላውቅ ሰባት ወር ለሌላ ሰው ስለካው ኖርኩ።

ቤት ስገባ አስቴር ከደጃችን ቅጠልና ካርቶን ሰብስባ ለኩሳለች። «የሚቃጠል ካለህ አምጣ» አለችኝ። የድሮ ረቂቆቼን አመጣሁላት፣ አራት ናቸው። ጥሩ ነደዱ፤ በተለይ የንድፈ ሐሳቡ ክፍል፣ በጣም ደረቅ ነበር።

የተፈረመው ቅጽ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እሱን አላወጣሁትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ማለዳ ጻፍኩ። ጥያቄ ዘጠኝ አሁን እንዲህ ሆነ፦

«ገምጋሚውን ከልብ አመሰግናለሁ። በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል የባለሙያው እናት ሞተች። ባለሙያው ፂሙን አሳድጎ፣ ጥቁር ለብሶ ወደ ሥራ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች የደንበኛውን ጣዕም አይለኩም። ደንበኛው ባለሙያውን ምን ያህል ሊያጽናና እንደፈለገ ይለካሉ።»

«አመሰግናለሁ» ያልኩት ብቻዬን ነው። ማቀዝቀዣውን ተውኩት።

ይህች አንዲት አንቀጽ ከገባች ሌላው ሁሉ አይቆምም። ርዕሱን ለወጥኩ። «ውጤት» የሚለውን ክፍል ሰረዝኩ፣ መደምደሚያውን ሰረዝኩ። «ሐዘንተኛን መጠየቅ» የሚል ክፍል ጨመርኩ፦ እንዲህ ባለ አገር ጥቁር የለበሰ ሰው ደንበኛውን «እንዴት ነህ?» ብሎ መጠየቅ እንደማይችል፤ የሚያገኘው መልስ ሁሉ ለቅሶ መድረስ እንደሆነ። ግራፉ እንዳለ ቆየ። ስሙ ብቻ ተለወጠ።

ጽሑፉ አጠረ። የሚገርመው፣ ይሻላል። የሐሙሱ ፊርማ ግን ለዚህኛው አይሠራም። ነገ እንደገና ሊሙ።

ከዚያ መርካቶ፣ ፀጉር ቤት። ፀጉር ቆራጩ ፎጣውን አንገቴ ላይ እያሰረ «ሐዘን ነበር?» አለኝ። ነበር አልኩት። «ነፍስ ይማር። መቼ?» ሚያዝያ ስለው መቀሱ አየር ላይ ቆመ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «እንግዲያው በመቀስ እንጀምር።»

ከመስታወቱ ውስጥ ቀስ እያለ አገጭ ወጣ። የእናቴ አገጭ። እዚያ እንዳለ ረስቼው ነበር፤ ሰባት ወር ሸፍኜው ከርሜያለሁ።

አልኮሉን ሲቀባኝ አቃጠለኝ። በጣም። ዓይኔ ውሃ ሞላ። «ይቅርታ፣ በዛ?» አለኝ። አልኮሉ ነው አልኩት። ሒሳብ ስከፍልም ውሃው አላቆመም። በአስቴር ሱቅ በኩል ሳልፍም አላቆመም። አልኮል ይህን ያህል እንደማያቃጥል ፀጉር ቆራጩም ያውቃል።

አስቴር አየችኝ። ሜትሯን አወረደች። ስለ ፂሙ አንዲት ነገር አልተናገረችም፤ ቀና ብላ አገጬን በአውራ ጣቷ ነካችና ጣቃ ወደሚመርጡት ሴቶች ዞረች።

እሑድ፣ ኅዳር 14

አቶ ሀን ያገኘሁት በነጋዴው ግቢ፣ ቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ መካከል ነው። ከሩቅ አላወቀኝም። ቀረብ ስል እጁን ዓይኑ ላይ ጋረደ። ከዚያ ሳቀ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። «አልሐምዱሊላህ! ልጅ ነህ ለካ!»

አልጋው ጥግ ላይ ተቀምጠን አዲሱን ጽሑፍ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው አላቋረጠኝም። ሲያልቅ አንድ ማሻሻያ ጠየቀ፤ ገምጋሚ ሦስት ብዬዋለሁ።

«የፊቱን ነገር አውጣው። ፊቷን እቀምሳለሁ ያልኩህን።»

«እንግሊዝኛ ነው እኮ። ማን ያነበዋል?»

«እሷ እንግሊዝኛ ታውቃለች። ጎበዝ ናት አላልኩህም?» ለነጋዴው ራሱ ሊነግረው እንዳሰበ ነገረኝ፤ ከእኔ ወረቀት በፊት፣ በራሱ አፍ። «የቡናው ደረጃ ፊርማ ለእሷ ይሁን፣ እኔ ገዢ ልቀበል። ሠላሳ ዓመት ይበቃል።» የፊቱን ነገር አወጣሁለት።

«ሰኮሩስ? ልመልስዎት ወደ ሊሙ?»

«ሰኮሩ ይቆይ፣ ለምጄዋለሁ።»

ፈረመ። ዛሬ ወረቀቱን እያየ ነው የፈረመው።

ኔትወርኩ የሚመጣው ከአልጋዎቹ ጫፍ ነው። ስልኬን ይዤ ቆሜ ጽሑፉን ላክሁት። ወዲያው መልስ መጣ፦ «ውድ ዶክተር ገብረሕይወት፣ የተሻሻለው ጽሑፍዎ ደርሶናል።» አባቴ ከዚህ በኋላ እንግዲህ ይጠብቅ። ይቀበሉት፣ ይጣሉት፣ አላውቅም። ማረጋገጫውን ነገ ለዶክተር ኃይሉ እሰጣለሁ፤ ውስጡን ካነበበው መሳቢያውን ራሱ ይከፍትልኛል።

ስመለስ አቶ ሀ ከተቀመጠበት አልተነሳም። «በል ጠይቀኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ያቺን ጥያቄህን። አሁን እኮ መጥፎ መጥፎውን ልነግርህ እችላለሁ።»

ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ። ጣዕም ዛሬ ከዜሮ እስከ አሥር?

«ዜሮ» አለ። ተነፈሰ። ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍስ። ከዚያ ስለ ሚስቱ ነገረኝ፣ በአሥራ ሁለት ሐሙስ ያልነገረኝን። የሚቀምሰው ቡና ያማረ ቀን ማንኪያውን ሳያጥብ ኪሱ ከትቶ ለእሷ ይወስድላት ነበር። እሷ ታሸተዋለች፣ «ጥሩ ነው» ትለዋለች። የቀረውን እዚህ አልጽፈውም፤ ለቀጣዩ ሐሙስ ነው። ሐሙስ እመጣለሁ።

ለመሄድ ስነሳ ያዘኝ። «አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«እናትህ። ከዜሮ እስከ አሥር።»

ያስተማሩን ጥያቄውን ወደ ጠያቂው እንድንመልስ ነው። አገጬ እየቆጠቆጠኝ ነበር፤ ነፋስ ሲነካው ያማል።

«አንድ» አልኩት። «እስካሁን ዜሮ ነበር።»

አሰበበት። ማንኪያ አፉ ውስጥ ይዞ እንደሚያስበው አድርጎ። «ከትናንትናው ይሻላል» አለ። «እሱንም ጻፈው።»

ይኸው ጻፍኩት።